ከፉሪ ጢያ፣ ከጢያ ዝዋይ፦ አንድ ቅዳሜ ከአባቴ ጋር

ቤታችን ፉሪ ነው። ከፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ ብዙም ስለማንርቅ፣ ነፋሱ ወደኛ ሲነፍስ የባቡሩ ጡሩምባ ሳሎናችን ድረስ ይገባል። ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ አንድ ምሽት እራት ቀርበን ሳለ ይኸው ጡሩምባ ተሰማ። የአምስት ዓመቱ ልጄ ጉርሻውን ሳይውጥ ወደ አያቱ ዞሮ፣ “አባባ፣ ባቡሩ የት ነው የሚሄደው?” አለ።

“ባሕር ጋ” አለው አባቴ።

“እኛም እንሂዳ!”

ባለቤቴ ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቀም። “እኔ እንኳ አሁን ብሄድም ብዙ አላየው” አለና ወደ ሳህኑ አቀረቀረ።

አባቴ ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ፣ የሥራ ዘመኑን በሙሉ በምድር ባቡር ትኬት ተቆጣጣሪነት ያሳለፈ ሰው ነው። ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ፣ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ሐዲድ ነው እኔንና ወንድሞቼን ያሳደገን። ጅቡቲ ለኛ የካርታ ስም ነበረች፤ ለሱ ግን ከፈረቃ በኋላ እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ሳንድዊች የሚበላባት ከተማ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ግላኮማ እንዳለበት ታወቀ። የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውን ለማቆየት ግን ጠብታው አንድ ቀን እንኳ መዘለል እንደሌለበት ሐኪሙ ነገረን። ከጎንና ከጎን ያለው ነገር ቀስ በቀስ ይጠፋበታል። “ዋሻ ውስጥ ሆኖ መውጫውን እንደማየት ነው” ይላል ራሱ ሲያስረዳ።

ያን ምሽት ባለቤቴና እኔ ዕቃ እያጠብን ተማከርን። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ ባቡር ከሰፈራችን ተነስቶ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው ባሕሩ ጋ የሚደርሰው። ፓስፖርት አለ፣ የሥራ ፈቃድ አለ፣ የልጆች ትምህርት አለ። በአንድ ቅዳሜ የሚሆን ነገር አይደለም። በዚያው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ የአንድ አስጎብኚ ድርጅት ማስታወቂያ ላከችልኝ፤ መልካ ቁንጡሬ፣ ጢያ፣ ዝዋይ ሐይቅ፣ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ፣ ምሳ፣ መጓጓዣና አስጎብኚ ጨምሮ። ማርኬቲንግ ሠራተኛ ስለሆንኩ ማስታወቂያ በጥርጣሬ ነው የማነበው። ይኸኛው ትክል ድንጋይ ላይ ፔሊካን ያስቀመጠ ፎቶ ነበረው፤ በመካከላቸው የመቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ቢሆንም አምስት ቦታ ያዝን።

የተባልነው ጠዋት 12 ሰዓት ጀሞ እንድንገኝ ነው። እኛ ተገኘን፤ ኮስተሩ ግን ከአርባ አምስት ደቂቃ በኋላ መጣ። ልጆቹ በብርዱ ጋቢ ውስጥ ተሸጉጠው አንዱ ሌላውን ይጎነትላል፤ አባቴ ያንን ትልቅ ጥቁር ጃንጥላውን ተደግፎ ቆሟል። “አባዬ፣ በኅዳር ምን ዝናብ አለና ነው?” ብዬው ነበር ከቤት ስንወጣ። “ጃንጥላ ለዝናብ ብቻ ነው ያለሽ ማነው?” ብሎኝ ወጣ። ኮስተሩ ሲመጣ ሰዓቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አየና “በኛ ጊዜ ለዚህ ሪፖርት ይጻፋል” አለ፤ ለአስጎብኚው እንዲሰማ አድርጎ።

አስጎብኚያችን የሶዶ ልጅ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ወጣት። ይቅርታ ጠየቀ፣ ሰበብ አልደረደረም፤ አባቴን ክንዱን ደግፎ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠው። ዓለም ገናን አልፈን የቡታጅራን መንገድ ስንይዝ ማይክራፎን ሳይዝ፣ ወንበር ተደግፎ እየቆመ ማውራት ጀመረ። ከሁሉ በፊት የተናገረው አልረሳውም፦ “ዛሬ ሦስት ዓይነት ነገር ነው የምነግራችሁ። የተረጋገጠ፣ የሚገመትና የሚወራ። የትኛው የትኛው እንደሆነ እየለየሁ እናገራለሁ፤ ካምታታሁባችሁ አስቁሙኝ።” የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ወዲያው ደብተሯን አውጥታ ሦስት ዓምድ አሰመረች።

መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አዋሽ ወንዝ ዳር። ብዙዎቻችን ወደ ቡታጅራ ስንሄድ ድልድዩን በፍጥነት አልፈን የምንረሳው ቦታ ነው፤ እኔም ስንቴ አልፌዋለሁ። ሙዚየሙ በጥቂት ጎጆ ቤቶች ውስጥ ነው የተደራጀው፤ ቁፋሮው የተካሄደበትን መሬት በመጠለያ ሥር እንዳለ የሚያሳይ ክፍልም አለው። ቦታውን በ1963 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋለው ሆላንዳዊው የውኃ ባለሙያ ጌሪት ዴከር ነበር። ቀጥሎ ዣን ሻቫዮን የመራው የፈረንሳይ ቡድን ለዓመታት ቆፈረ፤ ከዚያም ጣሊያኖች ተረከቡት። ከአቅራቢያው ከባልጪት ጋር ተደርጎ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ባልጪት የቦታው ስም ነው፤ ባልጩት ደግሞ ያ እንደ ጠርሙስ ስብርባሪ የሚያብለጨልጨው ጥቁር ድንጋይ። ጥንታውያን ሰዎች እየፈለጡ ቢላዋና መፋቂያ ያደረጉት እሱን ነው።

ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ በድንጋይ መሣሪያዎቹ መደርደሪያ ፊት ረጅም ጊዜ አትቁሙ። ለልጅ ሁሉም ድንጋይ ነው። ይልቁንም ስለ ልጆቹ ንገሯቸው። መልካ ቁንጡሬ ውስጥ ጋርባ በተባለው ስፍራ የአንድ ሕፃን መንጋጋ ተገኝቷል፤ ዕድሜው ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ፣ ተመራማሪዎች ሆሞ ኢሬክተስ ከሚሉት ወገን የሆነ። ጎምቦሬ በተባለው ስፍራ ደግሞ 700 ሺህ ዓመት ያስቆጠሩ የእግር አሻራዎች ተገኝተዋል፤ ከአሻራዎቹ ውስጥ ገና ወፌ ቆመች የሚባሉ ልጆች እግር አለበት። በዚያው ጭቃ ላይ የእንስሳትም ኮቴ ታትሟል፣ ትልልቆቹ ጉማሬ የበለቱባቸው ድንጋዮችም አሉ። አስጎብኚው ይህን ሲናገር ልጄ የራሱን ጫማ አውልቆ መሬቱ ላይ እግሩን አተመ። “የተረጋገጠ” አለች እህቱ እየጻፈች።

ከመልካ ቁንጡሬ ወደ ጢያ ሲኬድ በቀኝ በኩል ወደ አዳዲ ማርያም የሚያስገባ መንገድ አለ። ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ትውፊቱ ከቅዱስ ላሊበላ ጋር ያያይዛታል። በኛ ጉዞ ውስጥ አልነበረችም፤ ባለመኖሯም አልከፋኝም። በአንድ ቀን አራት ቦታ የሚያስገባ ጉዞ ልጆችን ከመኪና ወደ መኪና ማመላለስ ነው የሚሆነው። አዳዲ ራሷን የቻለች አንድ እሑድ ትፈልጋለች።

ጢያ ስንደርስ ወደ 5 ሰዓት ሆኖ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ፤ የምትችሉ ከሆነ ጢያን ጠዋት በማለዳ ወይም ወደ ማታ እዩት። በእኩለ ቀን ፀሐይ ቀጥ ብላ ስትወርድ የድንጋዩ ቅርጽ ሁሉ ይድጣል። ማስታወቂያው ላይ ያ ሁሉ ጎራዴ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር፤ እኔ ከአጥሩ ገብቼ ያየሁት ግን ሣር ላይ የቆሙ ግራጫ ድንጋዮችን ነው። ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ “ይኸው ነው?” አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ያንኑ እያሰብኩ ነበር።

አስጎብኚው አልቸኮለም። መጀመሪያ ጥላ ሥር አስቀመጠን። በሶዶ አካባቢ እንዲህ ያሉ ወደ 160 የሚሆኑ ጥንታዊ ስፍራዎች እንዳሉ፣ ጢያ ከሁሉም ይበልጥ የታወቀው እንደሆነ፣ 36 ሐውልቶች እንዳሉትና ከነዚያ ውስጥ 32ቱ የተቀረጹ መሆናቸውን፣ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መመዝገቡን ነገረን። ቁመታቸው ከ1 ሜትር እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ይህ ልጄ “የተረጋገጠ” ባለችው ዓምድ ገባ። “ጎራዴዎቹ ጀግናው የገደላቸው ሰዎች ቁጥር ነው” የሚለው “የሚወራ” ውስጥ ገባ። ከግርጌ አካባቢ ግራና ቀኝ ቅጠል ያወጣ የሚመስለው ምልክት እንሰት ነው የሚለው “የሚገመት” ሆነ።

የአካባቢው ሰው ድንጋዮቹን “የግራኝ ድንጋይ” ይላቸዋል። በሀገራችን ከባድና ምክንያቱ ያልታወቀ ነገር ሁሉ ለኢማም አሕመድ ሲሰጥ ኖሯል፤ የተሰነጠቀም የቆመም አለት የሳቸው ነው። በመቃብሮቹ ላይ የተደረገው ጥናት ግን ዘመኑን ከ12ኛው እስከ 14ኛው ምዕተ ዓመት ያደርሰዋል፤ ከኢማሙ ይቀድማል ማለት ነው።

መቃብሮች፣ አዎ። የፈረንሳዩ አርኪዮሎጂስት ሮዤ ዡሶም ቡድን በሐውልቶቹ ሥር ሲቆፍር የሰው አፅም አገኘ። ሴቶችም ወንዶችም ናቸው፤ ዕድሜያቸው አብዛኛው ከ18 እስከ 30 ዓመት። የተቀበሩት ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው አጥፈው ነው፤ በእናት ማህፀን እንዳለ ጽንስ። እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዘወር ብዬ ልጆቼ የት እንዳሉ ፈለግሁ።

ከዚያ ተነስተን በሐውልቶቹ መካከል መዞር ጀመርን። አባቴ የልጄን ትከሻ ይዞ ወደ አንዱ ድንጋይ ተጠጋና እጁን ዘረጋ። የሚያየው ነገር ስለሌለ በጣቱ ሊያነብ ፈልጎ ነው። አስጎብኚው ከወዲያ ሆኖ አየው፤ ፈጠን ብሎ መጣና በዝግታ፣ “አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መንካት አይፈቀድም። የሁላችንም እጅ በየቀኑ ካረፈበት ያልቃል” አለው። አባቴ እጁን ሰበሰበ። “ልክ ነህ” አለ። “እኔ ግን ድንጋይ ብቻ ነው የሚታየኝ።” ንግግሩ ውስጥ ቅሬታ አልነበረም፤ ዕቃ ሲጎድል እንደሚነገር ነው የተናገረው።

ልጁ ትንሽ አሰበ። “ጃንጥላዎን ሊያውሱኝ ይችላሉ?”

ጃንጥላውን ዘረጋና ለባለቤቴ ሰጠው፤ ከፀሐይ በኩል ቆሞ ድንጋዩ ላይ ጥላ እንዲጥል አደረገው። ከዚያ የስልኩን መብራት አብርቶ ድንጋዩን ሳይነካ፣ ከፊት ሳይሆን ከጎን፣ ጥግ ለጥግ አስጠግቶ ያዘው። እኔ ራሴ “ኦ!” አልኩ። ለጥ ብሎ የነበረው ድንጋይ ላይ ጎራዴ ተነሳ፤ ጫፉ ሹል፣ እጀታው ጎልቶ። ቀጥሎ ሌላ። ከላይ ክብ ምልክት። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የጭረቱ አንድ ጠርዝ ያበራል፣ ሌላው ይጨልማል፤ አባቴን ያስቸገረውም ቀለሙ ከቀለሙ አለመለየቱ ነበር። ወደ ፊት ተጠጋ፣ ጭንቅላቱን ወዲህና ወዲያ አለ፣ በዚያች መውጫ በሚላት ቀዳዳ አነጣጠረ።

“አገኘሁት” አለ። “ጎራዴ ነው። ወደ ታች የሚሄድ።” 

ከዚያ በኋላ ሥራው ተከፋፈለ። ባለቤቴ ጃንጥላ ያዥ፣ አስጎብኚው መብራት ያዥ፣ ልጄ ቆጣሪ። አባቴ ጎራዴውን ሲያገኝ ትቆጥራለች፤ ካላገኘው “ትንሽ ወደ ግራ፣ አባባ፣ አሁን ወደ ላይ” እያለች ትመራዋለች። ሌሎቹ ተጓዦችም መጥተው ከበቡን፤ ከጃንጥላው ሥር ካልሆነ እነሱም አላዩም ነበርና። አንዲት እናት “እኔ ዓይኔ ጤነኛ ነው፣ ግን እስካሁን ምንም አላየሁም” ብላ ሳቀች። ለጢያ የተመደበልን አንድ ሰዓት ነበር፤ ወደ ሁለት ሰዓት ቆየን። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ነፋ።

በሙያዬ ብዙ ጊዜ የምከራከርበት ነገር አለ፤ ለደንበኛ ያለህን ሁሉ አትደርድርለት፣ አንዱን በደንብ አሳየው። ጢያ ላይ ከሠላሳ ስድስቱ በደንብ ያየነው ሰባቱን ነው። ልጄ ግን ዛሬም ሰባቱን በቅደም ተከተል ትነግራችኋለች።

ከጢያ በኋላ ቡኢንና ኬላን አልፈን ቡታጅራ ለቡና ቆምን። ትንሹን ልጅ ሽንት ቤት የምትወስዱት እዚህ ነው፤ ከዚህ በኋላ ጥሩ የሚባል ቦታ እስከ ዝዋይ አላገኘንም። ከቡታጅራ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳል። እንሰቱ ይቀራል፣ ግራሩ ይበዛል፣ ሹራብ ይወልቃል። የኮስተሩ መስኮቶች ሁሉ ተከፈቱ፤ አቧራውም ገባ። ብዙው ሰው ተኛ። አባቴ አልተኛም፤ የሙቀቱን ለውጥ በቆዳው እየለካ፣ “አሁን ድሬዳዋ መዳረሻ ላይ ነን በለኛ” ይላል ለሾፌሩ።

ዝዋይ፣ በአሁኑ ስሟ ባቱ፣ በመጀመሪያ ዕይታ ውብ ከተማ አይደለችም። አውራ ጎዳናዋ ባጃጅ፣ የጭነት መኪናና የአበባ እርሻ ሠራተኞች የሚተራመሱበት ነው። ሐይቁ ከጀርባዋ ነው ያለው፤ ወደ ጎን ታጥፋችሁ ካልገባችሁ ሳታዩት ልታልፉ ትችላላችሁ። ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር፤ የሁሉም ሆድ ስለጮኸ መጀመሪያ ምሳ ተባለ። ቆሮሶ እንዳለ ተጠብሶ፣ ጎንና ጎኑ ተተልትሎ፣ ከዳጣና ከሎሚ ጋር መጣ። ልጆቹ በእጃቸው ነው የበሉት፤ እሾሁን እየለቀመ ለአባቴ ያቀረበለት ባለቤቴ ነበር። የዓሣ ሾርባውን ግን እኔ ብሆን አላዝም፤ ውኃው በዝቶበታል።

ከዚያ ወደ ሐይቁ ወረድን። ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ የሚያጸዱበት፣ ወደ ውኃው የሚገባ የድንጋይ መተላለፊያ አለ። አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ሸንጎ ቆመው አንጀት እስኪወረወርላቸው ይጠብቃሉ፤ ፔሊካኖቹ ከሥር ይንሳፈፋሉ። ማስታወቂያው ላይ ትክል ድንጋይ ላይ የተቀመጠው ፔሊካን ቤቱ እዚህ ነው። ልጄ ፊቱ ላይ ያለው ደስታና ፍርሃት ተቀላቅሎ እጄን ጨምድዶ ያዘኝ፤ አባ ኮዳው ከሱ ይረዝማል።

“አባባ፣ ይሄ ነው ባሕሩ?” 

አባቴ ወዲያው አልመለሰለትም። ፊቱን ወደ ነፋሱ አዞረ፣ አሸተተ፣ ከንፈሩን ላሰ። “ጨው የለውም” አለ። “ሐይቅ ነው። የድሮ ሰዎች ቢሆኑ ግን ይህንንም ባሕር ይሉታል። ባሕር ዳር የምንለው ከተማ ምን ዳር ነው ያለው? ጣና ዳር አይደል?” ልጄ ይህን ለረጅም ጊዜ አሰበበትና “እንግዲያው ባሕር ነው” ብሎ ወሰነ።

ሐይቁ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን የትም ቢሆን 10 ሜትር አይሞላም። መቂና ቀጠር ወንዞች ይገቡበታል፤ ቡልቡላ ከሱ ወጥቶ ወደ አብያታ ይሄዳል። አምስት ደሴቶች አሉት። ትልቁ ቱሉ ጉዶ የዛይ ሕዝብ የኖረበት ነው፤ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። በደሴቱ ገዳም የሚነገረው ትውፊት፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽቶ ለ70 ዓመታት እዚህ ተጠልሏል ይላል። ቱሉ ጉዶ ሩቅ ስለሆነ በኛ ጉዞ ውስጥ የነበረው በአቅራቢያ ለግማሽ ሰዓት በጀልባ መዞር ነው።

እዚህ ላይ ነው ቀኑ ሊበላሽ የነበረው። ጀልባው መጣ፤ የሕይወት አድን ጃኬቶቹ ግን ለትልልቅ ሰው ብቻ የሚሆኑ ነበሩ። ለአምስት ዓመት ልጅ የሚሆን አንድም የለም። የጀልባው ሰው “እህቴ፣ አይዞሽ፣ ሐይቁ ዛሬ ዝም ያለ ነው፤ ስንት ሕፃን ጭነናል” አለኝ። ሌሎች ቤተሰቦች ተሳፈሩ። ልጆቼ ማልቀስ ጀመሩ። ባለቤቴ እኔን ያያል፣ እኔ ውኃውን አያለሁ። የከፈልነው ገንዘብ አለ፣ የመጣንበት መንገድ አለ፣ አባቴ ደግሞ ለዚህ ነው የመጣው። “አንሄድም” አልኩ፤ ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ።

አባቴ ጃንጥላውን መሬት ላይ አንዴ መታ አደረገ፤ ልጆቹም ዝም አሉ። “ትክክል ናት” አለ። “እኔ ሠላሳ ዓመት ሰው ከባቡር ሳወርድ ነው የኖርኩት። ትኬት የሌለው አይሳፈርም። ጃኬቱ ትኬቱ ነው።” ለነገሩ፣ ጉዞ ከመያዛችሁ በፊት “ለልጅ የሚሆን የሕይወት አድን ጃኬት አላችሁ ወይ?” ብላችሁ በስልክ ጠይቁ። እኔ ስለ ምሳው ዓይነት ሦስት ጊዜ ደውዬ ስለዚህ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁም።

ጀልባው ሲመለስ እንጠብቅ ብለን መተላለፊያው ጫፍ ላይ ተቀመጥን። ልጄ ጫማውን ሊያወልቅ ሲል አስጎብኚው ከለከለው። በሐይቁ ዳር ዳር፣ ሣር ባለበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ የቢልሃርዝያን ተሕዋስ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች አሉ፤ እግር መንከር ለበሽታ ያጋልጣል። ይህንንም ማስታወቂያው አይናገርም። እሱ ግን ሳይጠየቅ ተናገረ፤ ለዚህም ጉርሻ ጨመርንለት።

እናም እግራችንን ሳንነክር፣ ጀልባ ሳንሳፈር፣ ዝም ብለን ተቀመጥን። ልጄ ሳትጠየቅ ለአያቷ መንገር ጀመረች፤ “አባባ፣ አንድ የደንገል ታንኳ ከግራ እየመጣ ነው። ቆሞ የሚቀዝፍ ሰው አለው። አሁን መሃል ደረሰ፤ ይታይሃል?” ታንኳው ለእሱ ከሌለበት ወደ ሚታየው ክፍል ገባ፣ ለጥቂት ጊዜ ቆየ፣ ወጣ። “አየሁት” አለ። “አሁን ሄደ።” “አልሄደም፣ እዚያው ነው” አለች። “ለኔ ሄዷል፣ ላንቺ ግን አለ” አላት። ከጎናቸው ተቀምጬ ስሰማ ከቆየሁ በኋላ እንደዋዛ፣ “አባዬ፣ መጀመሪያ ምን ነበር ያቃተህ?” ብዬ ጠየቅሁት። በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን ጠይቄው አላውቅም። “ደረጃ” አለ። “ከጎን የሚመጣ ሰው። አንድ ዓመት ሙሉ ሰው እየገጨሁ ይቅርታ ስል ነበር፤ እርጅና መስሎኝ።”

ግላኮማ በቤተሰብ ይሄዳል። ወላጅ ወይም ወንድም እኅት ያለበት ሰው ከሌላው ይልቅ ተጋላጭ ነው፤ ዓይኑን ቀደም ብሎ መመርመር ይገባዋል፤ ሕመም ስለሌለው ሰው ሳይታወቀው ብዙ ያጣል። ይህን ሐኪሙ ከሦስት ዓመት በፊት ለኔም ነግሮኝ ነበር። ሥራ በዛ፣ ወር መጨረሻ ደረሰ፣ ሪፖርት አለ እያልኩ አልሄድኩም።

በመመለሻው መቂን፣ ሞጆን አልፈን ፈጣን መንገዱን ያዝን። ሁለቱም ልጆች ባለቤቴ ላይ ተኝተዋል። ቃሊቲ ላይ የተለመደው የቅዳሜ ማታ መጨናነቅ ያዘን፤ ሀይሌ ጋርመንት ስንወርድ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል። አሥራ አራት ሰዓት በመንገድና በቦታው ማለት ነው። ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ካላችሁ ጢያንና መልካ ቁንጡሬን ብቻ አድርጉና ዝዋይን ለሌላ ቀን፣ ቢቻል አድራችሁ ለምትመለሱበት አቆዩት። የመንገዱን ሁኔታም ከመነሳታችሁ በፊት ዋዜማውን ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

ሰኞ ጠዋት ለዓይን ምርመራ ቀጠሮ ያዝኩ፤ ለኔም፣ ለሁለቱ ወንድሞቼም።

ማክሰኞ አስጎብኚው ደወለ። ያ ጥቁር ጃንጥላ ኮስተሩ ውስጥ ተረስቶ ቀርቷል። “ላምጣላችሁ፣ ወይስ ቅዳሜ የምመራቸው ሰዎች ስላሉ ከነሱ በኋላ?” አለ። ስልኩን ለአባቴ ሰጠሁት። አባቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠውና፣ “እዚያው ይሁን፣ ልጄ” አለው። “ፉሪ ውስጥ ምን አደርግበታለሁ? ዝናቡ ገና ሰባት ወር ይቀረዋል።”